ኢምፓየሩ በገዛ እጁ ያቋቋመው ቤት

ፖርቱጋል በአፍሪካ ምድር ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይታ አንድም ዩኒቨርሲቲ አላቆመችም ነበር። በአንጎላና በሞዛምቢክ የከፍተኛ ትምህርት እንዲጀመር የተወሰነው በ1962 ነው፤ ያኔ አንጎላ ውስጥ የነጻነት ጦርነት ፈንድቶ ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ከሉዋንዳ፣ ዛሬ ማፑቶ ከምትባለው ከሎሬንሶ ማርኬስ፣ ከኬፕ ቬርዴ ደሴቶች ወይም ከሳኦ ቶሜ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ወጣት ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የሕግ ባለሙያ መሆን ካሻው መርከብ ተሳፍሮ ሊዝበን፣ ኮይምብራ ወይም ፖርቶ መድረስ ነበረበት። ለዚያ የሚበቃው ሰው ጥቂት ነበር። በ1950 አራት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በነበራት አንጎላ፣ እንደ ፖርቱጋላዊ «ሠልጥኗል» ተብሎ በሕግ ፊት ዜጋ የተባለው ጥቁር አፍሪካዊ 30 ሺህ አካባቢ ብቻ ነበር። የቀረው ሕዝብ «የአገሬው ተወላጅ» በሚል የተለየ ሕግ ይተዳደራል፤ ለግዳጅ ሥራ ይጋዛል፤ አብዛኛውም ማንበብና መጻፍ አይችልም።

እነዚያ ጥቂቶች ሊዝበን ውስጥ የሚገናኙበት አንድ ቤት ነበር። ስሙ ካዛ ዶስ ኢስቱዳንቴስ ዶ ኢምፔሪዮ፣ የኢምፓየሩ ተማሪዎች ቤት ይባላል። ከ1944 እስከ 1965 ኖረ። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የጊኒ ቢሳው፣ የኬፕ ቬርዴና የሳኦ ቶሜ ነጻነት ሲነገር ወሬው ሁሉ ስለ ጫካውና ስለ ጠብመንጃው ነው። ከድሉ በኋላ የቆሙት መንግሥታት ለምን እንደዚያ ጠንክረው እንደ ጀመሩና ለምን እንደዚያ እንደ ቆሰሉ ለመረዳት ግን ከዚህ ቤት መነሳት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የጀመረው እንደማንኛውም የአገር ልጅ ማኅበር ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የአንጎላ ተማሪዎች የራሳቸውን ቤት አቋቋሙ፤ የሌሎቹ ግዛቶች ልጆችም ተከተሏቸው። ይህ ለፖርቱጋሉ አምባገነን ለሳላዛር መንግሥት አልተመቸውም። የአንጎላ ልጅ ከአንጎላ ልጅ ጋር፣ የሞዛምቢክ ልጅ ከሞዛምቢክ ልጅ ጋር እየተሰበሰበ በኖረ ቁጥር ለየግዛቱ የተለየ ፍቅር ያድርበታል የሚል ስጋት ነበር። የቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩና የአገዛዙ የወጣቶች ድርጅት ተማሪዎቹን በአንድ ጣሪያ ሥር ለማኖር ተነሱ። በ1944 ማኅበራቱ ተጠቃለው አንድ ቤት ሆኑ። የመንግሥት ድጎማ ተቆረጠለት። ዋናው መሥሪያ ቤት ሊዝበን ውስጥ አርኮ ዶ ሴጎ በሚባለው ሰፈር፣ ዱኬ ዳቪላ ጎዳና ላይ ሆነ፤ ኮይምብራና ፖርቶ ቅርንጫፎች ተከፈቱ። እያንዳንዱ ግዛት በውስጡ የራሱ ክፍል ነበረው፤ ከጎዋና ከማካው የመጡ የእስያ ልጆችም አባላት ነበሩ።

የመንግሥቱ ሐሳብ ግልጽ ነው። ነገ ቅኝ ግዛቶቹን የሚያስተዳድሩት ልጆች ከወዲሁ ራሳቸውን የአንዲት ሰፊ ፖርቱጋል ልጆች አድርገው እንዲያዩ ነበር የታሰበው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአባላቱ የሚበዙትም የነጭ ሰፋሪ ልጆች ነበሩ። ክልሶቹ ያንሳሉ፤ ጥቁሮቹ ደግሞ ከእነሱም ያነሱ ነበሩ። ይህን ቤት የነጻነት ታጋዮች ገና ከጅምሩ በምስጢር ያቋቋሙት አድርገው የሚተርኩ አሉ፤ ታሪኩ ግን እንዲያ አልነበረም። ያሠራው ገዥው ነው። ገዥው ያላሰበው፣ የኬፕ ቬርዴን ልጅ ከሞዛምቢክ ልጅ ጋር ሊያስተዋውቅ የሚችል ሌላ ቦታ በዓለም ላይ እንዳልነበረ ነው። ከፕራያ እስከ ሎሬንሶ ማርኬስ ያለው ርቀት አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ነው። ሁለቱ ልጆች ሊዝበን ላይ ምሳ ባይቀርብላቸው ኖሮ ስለ አንዱ ረሃብና ስለ ሌላው ግዳጅ ሥራ መቼ ይነጋገሩ ነበር?

ቤቱ የምግብ አዳራሽ ነበረው፤ በርካሽ ይበላበታል። ሕክምና፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የእግር ኳስ ቡድን፣ ቅዳሜ ማታ የሚጨፈርበት አዳራሽ ነበረው። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ግን ምርጫ ነበረው። ነጻ ምርጫ በሌለባት፣ ጋዜጣ ሁሉ በሳንሱር በሚያልፍባት፣ ፒዴ የተባለው ምስጢራዊ ፖሊስ በየቡና ቤቱ ጆሮ ባቆመባት አገር፣ የቤቱ አባላት ሥራ አመራራቸውን በድምፅ ይመርጡ፣ በጉባኤ ይከራከሩ፣ ሒሳብ ይመረምሩ ነበር። ኋላ ሚኒስትርና ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ ሰዎች ስብሰባ መምራትን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝን፣ ተሸንፎ መቀመጥን የተማሩት እዚያ ነው።

ኋላ የጊኒን ትግል የመራው አሚልካር ካብራል በ1945 ደረሰ። ባፋታ፣ ጊኒ ውስጥ ተወልዶ ኬፕ ቬርዴ ያደገ፣ በ1940ዎቹ ደሴቶቹን ያረገፈውን ረሃብ በዓይኑ ያየ ልጅ ነው፤ የመረጠውም ግብርናን ማጥናት ነበር። አጎስቲኞ ኔቶ በ1947 ሕክምና ሊማር ከአንጎላ ኮይምብራ መጣ። ማሪዮ ፒንቶ ደ አንድራዴ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ሊያጠና፣ ማርሴሊኖ ዶስ ሳንቶስ ከሞዛምቢክ ምህንድስና ሊማር፣ አልዳ ዶ ኢስፒሪቶ ሳንቶ ከሳኦ ቶሜ መጡ። ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በአፓርታይድ መንግሥት የተባረረው ሞዛምቢካዊው ኤድዋርዶ ሞንድላኔም በ1950 ሊዝበን ገብቶ አንድ ዓመት ያህል ከእነሱ ጋር ተቀመጠ፤ የፖሊሱ ክትትል ሲያስመርረው ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ይህ ሁሉ ሰው በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ በአንድ የምግብ አዳራሽ አለፈ። በ1948 ቤቱ «መንሳዤም» የተባለ መጽሔት ጀመረ። መልእክት ማለት ነው።

ቤቱ ግን የመንግሥት ድጎማ ያለበት፣ የሰፋሪ ልጆች የሚበዙበት፣ ጆሮ ጠቢም የማይጠፋበት ቦታ ነበር። ስለ ጥቁር ሕዝብ ታሪክና ቋንቋ ልባቸውን ከፍተው መነጋገር የፈለጉት ሌላ ክፍል አስፈለጋቸው። በ1951 የአፍሪካ ጥናት ማዕከል ብለው የሰየሙት ጉባኤ፣ አክተር ቫሌ በሚባለው መንገድ ላይ በነበረው የኢስፒሪቶ ሳንቶ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ተጀመረ። የቤቱ እመቤት የአልዳ አክስት፣ ሁሉም ቲያ አንድሬዛ የሚሏቸው እናት ነበሩ። ዘዴያቸው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ በሙያው ያጠናውን ነገር ለሌሎቹ ያስተምራል። ፍራንሲስኮ ጆሴ ቴንሬሮ ጂኦግራፊን፣ ካብራል አፈርንና እርሻን፣ አንድራዴ ቋንቋን ይዘው ቀረቡ። በትምህርት ቤት የፖርቱጋልን ወንዞችና ነገሥታት በቃላቸው ሸምድደው ያደጉ ልጆች ስለ ገዛ አገራቸው ወንዝ መጀመሪያ የሰሙት በአንዲት ወይዘሮ ሳሎን ነው። ካብራልና አንድራዴ ኋላ እንደ ገለጹት የዚያን ጊዜ ሥራቸው መንፈሳቸውን ወደ አፍሪካ መመለስ ነበር። የዚህ ሐሳብ ትልቅነት የሚታየን ተናጋሪዎቹ ማን እንደነበሩ ስናስታውስ ነው፤ አገዛዙ «ከሕዝባችሁ ተለይታችኋል» ብሎ የምስክር ወረቀት የሰጣቸው ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ሳሎን በ1953 አንዲት ትንሽ የግጥም መድበል ወጣች፤ ቴንሬሮና አንድራዴ ያዘጋጇት፣ በፖርቱጋልኛ የተጻፈ የጥቁሮች ግጥም። በዚያው ዓመት በየካቲት ሳኦ ቶሜ ላይ የቅኝ ገዥው ሰዎች ባቴፓ በሚባለው ስፍራና በአካባቢው ሕዝብ ፈጁ። የደሴቷ ተወላጆች በካካዎ እርሻ ላይ በግዴታ ሊሠሩ ነው የሚለው ወሬ የቀሰቀሰው ተቃውሞ ነበር መነሻው። አልዳ ስለዚያ ጭፍጨፋ የጻፈችው ግጥም የሳኦ ቶሜ ሕዝብ እስከ ዛሬ የሚያውቀው ነው።

አገዛዙ ነቅቶ ነበር። በ1952 የተማሪዎች ቤቱን የተመረጠ አመራር አንስቶ በምትኩ ራሱ የሾመውን የአስተዳደር ኮሚሽን አስቀመጠ፤ ይህ እስከ 1957 ቆየ። መጽሔቱም ተዳከመ። እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ቸኩለው የሚያልፉት አንድ ሌላ ማኅበር ይገባል። በ1954 ሊዝበን ላይ የአፍሪካ መርከበኞች ክበብ ተመሠረተ። አባላቱ በፖርቱጋል መርከቦች ላይ የሚሠሩ ጥቁር ሠራተኞች ናቸው፤ ምግብ አብሳይ፣ አስተናጋጅ፣ የሞተር ክፍል ሠራተኛ። ተማሪዎቹ ለመርከበኞቹ ማንበብና መጻፍ ያስተምራሉ። መርከበኞቹ ደግሞ ከሊዝበን ወደ ሉዋንዳ፣ ከሉዋንዳ ወደ ሊዝበን መጽሐፍና ደብዳቤ ይወስዳሉ፣ ወሬ ያመጣሉ። ኔቶ የዚህ ክበብ ሰው ነበር። ያለ እነዚህ ሠራተኞች ተማሪዎቹ አገራቸው ላይ ስለሚሆነው የሚያውቁት ጋዜጣው የፈቀደላቸውን ብቻ ይሆን ነበር፤ ስማቸውን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

አመራሩ በ1957 ለአባላቱ ሲመለስ ቤቱ ተለውጦ ነበር። ጋና በዚያው ዓመት ነጻ ወጣች፤ የአፍሪካ ካርታ መቀየር ጀመረ። ከሰፋሪ ልጆች መካከልም ራሳቸውን አንጎላዊ ወይም ሞዛምቢካዊ ብለው የሚጠሩ በዙ። የፖለቲካ ድርጅት ማቋቋም ወህኒ ያስገባል፤ የግጥም መጽሐፍ ማሳተም ግን ገና ይቻል ነበር። ቤቱ ይህን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ተጠቀመበት። «የባሕር ማዶ ደራስያን» በሚል ተከታታይ ትንንሽ መጻሕፍት አወጣ። የሉዋንዲኖ ቪዬራ የመጀመሪያ የታሪኮች መጽሐፍ በ1960፣ የቪሪያቶ ዳ ክሩዝ ግጥሞች በ1961፣ የሞዛምቢኩ ጆሴ ክራቬይሪኛ «ሺጉቦ» በ1964 የታተሙት በዚህ ቤት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስገርሙኝ መድበሎቹ ናቸው። የአንጎላ ገጣሚያን፣ የሞዛምቢክ ገጣሚያን፣ የሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ገጣሚያን እያሉ ለየብቻ አሳተሟቸው። መንግሥት ከ1951 ጀምሮ እነዚህን አገሮች «የባሕር ማዶ አውራጃዎች» ይላቸዋል፤ አንጎላም ሆነ ሞዛምቢክ ለሳላዛር ከፖርቱጋል አውራጃዎች የማይለዩ ናቸው። አንጎላ የራሷ ገጣሚያን አሏት ብሎ በሽፋን ላይ ማተም ግን አንጎላ የምትባል፣ በራሷ የምትቆም አንዲት ነገር አለች ብሎ ማወጅ ነው። ባንዲራው ሳይሰፋ፣ ድንበሩን የሚጠብቅ ወታደር ሳይኖር፣ አገሪቱ በግጥም መጽሐፍ ሽፋን ላይ ተጻፈች። ሳንሱሩ የግጥሙን ቃል ሲያጣራ ርእሱ አለፈው።

በ1961 ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ደረሰ። በየካቲት ሉዋንዳ ላይ የታጠቁ ሰዎች ወህኒ ቤቶችን አጠቁ፤ በመጋቢት የአንጎላ ሰሜን ነደደ፤ በታኅሣሥ ሕንድ ጎዋን ወሰደች። ኔቶ ቀደም ብሎ በ1960 ሉዋንዳ ላይ ተይዞ ወደ ኬፕ ቬርዴ ተግዞ ነበር። በግንቦት 1961 እንግሊዛዊው ጠበቃ ፒተር ቤነንሰን የተረሱ እስረኞች በሚል በጻፈውና አምነስቲ ኢንተርናሽናልን በወለደው ጽሑፍ ውስጥ ከተጠቀሱት እስረኞች አንዱ ይኸው የኮይምብራ የሕክምና ተማሪ የነበረው ገጣሚ ነው። ሊዝበን የቀሩት ተማሪዎች በሁለት እሳት መካከል ሆኑ። ወይ እንደ ዜጋ ለውትድርና ተመልምለው ወንድማቸውን ሊወጉ፣ ወይ በፒዴ ሊታሰሩ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ስልሳ ያህል ተማሪዎች በቡድን በቡድን ሆነው ጠፉ። ያወጣቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አይሁዶችን በማትረፍ የሚታወቀው ሲማድ የተባለው የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች የዕርዳታ ድርጅት ነው፤ አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም አገዙት። በሰሜን ፖርቱጋል ሚኞ የተባለውን ወንዝ በሌሊት በጀልባ ተሻግረው ስፔን ገቡ። ስፔን ያኔ የአምባገነኑ የፍራንኮ ናት፤ ፍራንኮ የሳላዛር ወዳጅ ነው። ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ሳን ሴባስቲያን ላይ ከፊሎቹ ተይዘው ታሰሩ፤ ኋላ ተለቀው ፈረንሳይ ገቡ። በዚያ ሽሽት ውስጥ ከነበሩት መካከል ኋላ የሞዛምቢክ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆአኪም ቺሳኖ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ፓስኮል ሞኩምቢ፣ ለኬፕ ቬርዴ መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቆይቶም ፕሬዚዳንት የሆነው ፔድሮ ፒሬስ ይገኛሉ። በዓመቱ ኔቶም ከቤተሰቡ ጋር ከሊዝበን በጀልባ አምልጦ ሞሮኮ ደረሰ። በመስከረም 1965 ፒዴ የቤቱን በር ዘጋ፤ መዝገቡንም ወሰደ።

ሰዎቹ ግን ቤቱን ይዘውት ወጥተዋል ማለት ይቻላል። ገና ከሽሽቱ በፊት፣ በሚያዝያ 1961 ካዛብላንካ ላይ በፖርቱጋል ቅኝ ግዛቶች ያሉ ብሔራዊ ድርጅቶች አንድ ጉባኤ ሲያቋቁሙ፣ ሊቀ መንበሩ አንድራዴ፣ ዋና ጸሐፊው ዶስ ሳንቶስ ሆኑ። የሊዝበን ጓደኝነት ማኅተም ያለው ድርጅት ሆነ። በግንቦት 1963 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሥርቶ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የነጻነት ኮሚቴ ዳሬሰላም ላይ ሲቋቋም፣ ገንዘብና መሣሪያ ፍለጋ ከቀረቡት ንቅናቄዎች መካከል እንደ እነዚህ ተናብበው የሚናገሩ ጥቂት ነበሩ። በሦስት ግንባር ጦርነት የገባችው ፖርቱጋል አንዱን ከሌላው ነጥላ ለማግባባት አልተመቻትም። በሚያዝያ 1974 የገዛ ሠራዊቷ ሊዝበን ላይ አገዛዙን ሲገለብጥ፣ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አምስቱም አገሮች ነጻ ወጡ፤ ጊኒ ቢሳውማ በመስከረም 1973 ነጻነቷን ቀድማ አውጃ ነበር።

የቤቱ አሻራ በየምልክቱ ላይ ይታያል። የሳኦ ቶሜን ብሔራዊ መዝሙር የጻፈችው አልዳ ናት። የጊኒ ቢሳው መዝሙር ግጥም የካብራል እንደሆነ ይነገራል፤ ኬፕ ቬርዴም እስከ 1996 ድረስ ያንኑ መዝሙር ትዘምር ነበር። የአንጎላ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ገጣሚው ሐኪም ኔቶ ነው። አምስቱም አገሮች ፖርቱጋልኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረጉ። ይህን እንደ ባርነት ቅሪት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን መሪዎቹ እርስ በርስ የተገናኙት፣ የተዋደዱትና ያሴሩት በዚያ ቋንቋ እንደነበር ሳስብ ሌላ ምርጫ ይታያቸው ነበር ለማለት ይከብደኛል።

ቁስሉም ከዚያው ይጀምራል። ቤቱ የሰበሰበው የወደብ ከተማ ልጆችን፣ ክልሶችን፣ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳደጋቸውን ነው። የአንጎላን ሰሜን ያነሣሣው ሆልደን ሮቤርቶ ያደገው ሊዮፖልድቪል፣ የዛሬዋ ኪንሻሳ ነው፤ ከእነ ኔቶ ጋር የተጋራው ምሳም መጽሔትም የለም። ዮናስ ሳቪምቢ ለትምህርት ሊዝበን ደርሶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ስዊዘርላንድ አለፈና ከጊዜ በኋላ የራሱን ድርጅት መሠረተ። እነዚህ ሰዎች ከእነ ኔቶ፣ ከሉዋንዳዎቹ ጋር የተጣሉት በሥልጣንና በውጭ ኃይል ድጋፍ ብቻ አልነበረም። ሉዋንዳዎቹን አንጎላዊ አድርገው ለመቁጠር ልባቸው ያመነታ ነበር፤ ሉዋንዳዎቹም በበኩላቸው የገጠሩን ሰው እንደ ተማሪ እንጂ እንደ እኩያ የማያዩበት ጊዜ ብዙ ነው። በመካከላቸው የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት እስከ 2002 ቆየ።

ጊኒ ላይ ሌላ መንገድ ተሞክሮ ነበር። ካብራል ዲግሪውን ይዞ ተመልሶ በ1953 ለቅኝ ገዥው መንግሥት የግብርና ቆጠራ ሠራ። መንደር ለመንደር ዞረ፤ ማን ምን እንደሚዘራ፣ ማን ማንን እንደሚያምን፣ የባላንታ ብሔረሰብ ገበሬ ከፉላ ብሔረሰብ ሹም ጋር ምን እንዳጣላው አወቀ። ከሊዝበን ጓደኞቹ ሁሉ ገበሬውን በእግሩ የተከተለ እሱ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ የጊኒው ትግል ከአንጎላው ይልቅ የተያያዘ የሆነበትም ዋና ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በጥር 1973 ኮናክሪ ላይ ተገደለ። ጊኒንና ኬፕ ቬርዴን አንድ መንግሥት የማድረግ ሕልሙ ሰባት ዓመት ኖሮ በኅዳር 1980 በቢሳው መፈንቅለ መንግሥት ተሰበረ። ተዋጊው የጊኒ ልጅ፣ ተምሮ የመጣው የኬፕ ቬርዴ ክልስ ከላዬ ተቀምጧል ብሎ ካመነ ቆይቶ ነበር።

ሞዛምቢክ ላይ ቺሳኖና ዶስ ሳንቶስ በመጀመሪያው መንግሥት ትልልቅ ወንበር ያዙ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ግን ሊዝበንን በተማሪነት የማያውቀው ነርሱ ሳሞራ ማሼል ነው። የሞዛምቢክ የነጻነት ንቅናቄ የፍሬሊሞ ማዕከል የተማሪ ቤት ሳይሆን ታንዛኒያ ውስጥ የነበረው የሥልጠና ሰፈር ነበርና፣ ቤቱ እዚያ ያሳደረው ተጽዕኖ ከሌሎቹ ያነሰ ነው።

ከእነዚያ ሰዎች ሁሉ የቤቱን ዕጣ በራሱ ሕይወት የኖረው ማሪዮ ፒንቶ ደ አንድራዴ ነው። አንጎላዊ ነው፤ የአገሩን ንቅናቄ በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ከኔቶ ጋር ሲጣላ በ1974 ከውስጥ የተነሣውን የተቃውሞ ክንፍ መርቶ፣ ነጻ የወጣችው አንጎላ ቦታ ነሣችው። የወዳጁ የካብራል አገር ተቀበለችው፤ ጊኒ ቢሳው ውስጥ የባህልን ጉዳይ በሚኒስትርነት መራ። የ1980ው መፈንቅለ መንግሥት እንደገና አሰደደው። ከዚያ በኋላ የካብራልን ሥራዎች ማሰባሰቡንና የፖርቱጋልኛ ተናጋሪ አፍሪካን ብሔርተኝነት ታሪክ መጻፉን ቀጠለ፤ በ1990 ለንደን ላይ አረፈ። ስለ ሊዝበኑ ቤትና ስለ ቲያ አንድሬዛ ሳሎን ዛሬ ከምናውቀው ብዙው የተገኘው እሱ ከጻፈውና ለጠያቂዎች ከተናገረው ነው። የቀረው ፒዴ ሲከታተላቸው በመዘገበው ወረቀት ውስጥ አለ። ያ ወረቀት አሁን ሊዝበን በሚገኘው ቶሬ ዶ ቶምቦ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለተመራማሪ ክፍት ነው።